ሰውዬውን አታስቸኩለው

ጥቅምት 8

ለአባዬ፣

ሰላምታ ካላስቀደምኩ «ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት» ስለምትል፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ውሃው ይገፋል፣ የውሃ ጣቢያችን ፓምፖች ይጮሃሉ፣ አቧራውም እንዳለ ነው። በቃ፣ ሰላምታው አለቀ። አሁን ልናደድ።

መልሱ አይሆንም ነው። ነዳጅ የሚያመጣልን ሹፌር ደብዳቤህን ሲያቀብለኝ እዚያው ከመኪናው ጎን ቆሜ አነበብኩት፤ በትክክል ያነበብኩ ስላልመሰለኝ ደግሞ ጥላ ፈልጌ ደገምኩት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ የገጣጠምኩትን፣ አንድ ጎኑ የተጫረ፣ ሲከፈት እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት ኮምፒውተር ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ላስሩጠው ወይ ብለህ ነው የጠየቅከኝ። ያውም ሞባይል ጠጋኙ «ይቻላል» ስላለህ! ሞባይል ጠጋኙ የአንተን ሬዲዮ አንቴና ሊቀይር ወስዶ ሬዲዮውን ለዘላለም ያሳረፈው ሰው አይደለም እንዴ?

እርግጥ ይቻላል፤ አልዋሽህም። ፕሮሰሰር የሚባለው ነገሩን ሁሉ የሚያስበው ክፍል ነው። ፋብሪካው «በዚህ ፍጥነት አስብ» ብሎ ልክ አበጅቶለታል። ኦቨርክሎክ ማለት ያንን ልክ ከፍ ማድረግ ነው። ግን ሲፈጥን ይሞቃል፤ ሲፈጥን ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ እሱን ሲሰጡት ደግሞ ብሶበት ይሞቃል። አዲስ ቢሆን ይችለው ነበር። የእኛው ግን ጡረታ መውጣት ያለበት ነው፤ ያንተ እኩያ ነው ብልህ አላጋነንኩም።

ምክንያትህ ገብቶኛል። ስካነሩ ገጹን ያነሳል፣ ፕሮግራሙ ከፎቶው ላይ ፊደሉን ይለቅማል፣ ከዚያ ድምፁ ጮክ ብሎ ያነባል። ጊዜ የሚፈጀው ፊደል መልቀሙ ነው። እማዬ በገጽና በገጽ መሃል ያለው ዝምታ ሰለቻት። እሺ። ግን ያልገባኝ ሌላ ነው። ዓይኗ ከደከመ ጀምሮ ስታነብላት የኖርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ያንን የላክሁላትን ወፍራም የባቡር ጣቢያ ልብ ወለድ እያነበብክላት መጨረሻው ላይ ደርሳችሁ እንደነበር ራስህ ጽፈህልኛል። አሁን ምን ተገኘና ነው ስካነር፣ ድምፅ፣ ኦቨርክሎክ የሚባለው ሁሉ? ጉሮሮህን አመመህ? ከሆነ ንገረኝ። እዚህ ስልክ እንደማይሠራ እያወቅክ ነገር አትደብቀኝ።

ኮምፒውተሩን አትንካው።

ልጅህ


ጥቅምት 21

ለልጄ ለሚጡ፣

ንዴትሽ ከነትኩሳቱ ደርሶኛል። የሩቅ ሰው ንዴት ደግሞ ደስ ይላል፤ አጠገብ ሆነሽ ብትቆጪኝ ምንኛ በወደድኩ።

ጉሮሮዬ ደህና ነው። ጉሮሮ ምን ይሆናል?

«አትንካው» ያልሽው ደብዳቤ ግን የደረሰኝ ከነካሁት በኋላ ነው። ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፤ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆየ። ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት አውቶቡስ ሆድ ሥር ተኝቼ ነው። ያረጀ ሞተር አይሮጥም ያለሽ ማነው? ያረጀ ሞተር የሚጠይቀው የሚያውቀውን ሰው ነው። የጎኑን ቆርቆሮ ፈትቼ ሳየው ውስጡ የነበረው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። ጠረግኩት። ፋኑን አነሳሁት። ከፋኑ በታች ካለው ብረትና ከፕሮሰሰሩ መሃል የደረቀ ነጭ ነገር ተለጥፎ አገኘሁ፤ ፋቅኩትና በራሴ ቅባት ተካሁት። ስለ ቅባት እንኳ ማንም አይነግረኝም። ከዚያ ሞባይል ጠጋኙ መጥቶ ሲነሳ የሚወጣውን ሰማያዊ ገጽ ከፈተልኝ፣ የፍጥነቱን ቁጥር አሳየኝ፣ ከፍ አደረግናት። ተነሳ! እናትሽ እንኳ ከመኝታ ቤት ሆና «ዛሬ ምን በላ?» ብላለች።

«እሱ» የምትለው ኮምፒውተሩን ነው። የሚያነበው ድምፅ የወንድ ስለሆነ ሰውዬው ነው የምትለው። «ሰውዬውን ክፈቱልኝ»፣ «ሰውዬው ዛሬ ሰነፈ»። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ናት።

እሷ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች። ሌላ የምጽፍልሽ አዲስ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ፦ የዓመት ፈቃድሽ መቼ ነው? እናትሽ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ነኝ የጠየቅኩት።

አባትሽ


ኅዳር 2

አባዬ፣

ምን ዓይነት ቅባት?

ይህችን ጥያቄ ባለፈው ሳምንት በቃል ለሹፌሩ ሰጥቼው ነበር። መልስህ ዛሬ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ መጣ። «የኩሽኔታ ግራሶ፣ ጥሩው» ይላል። ጥሩው! እዚህ ያሉት ልጆች ምን ሆነች ብለው ተሰበሰቡ። የማወራው ሳጣ ወረቀቱን አሳየኋቸው፤ አንዱ እስካሁን እየሳቀ ነው።

አባዬ፣ ግራሶ እርስ በርሱ የሚፋጭ ብረት እንዳይበላላ ነው። ፕሮሰሰር አይሽከረከርም። አይፋጭም። ተቀምጦ ነው የሚያስበው! ያ ነጭ ነገር የነበረው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለብረቱ እንዲያስተላልፍ ነው። ግራሶህ ግን ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ። ወዲያው ወዲያው ተዘግቶ የሚነሳው ለዚህ ነው። እንደሚዘጋ አልጻፍክልኝም፤ ግን ይዘጋል። ልጅህ ነኝ፣ ያልጻፍከውንም አነባለሁ።

አሁን ስማኝ። የያዝከውን ሁሉ ተው። ፋኑን አንሳ። ግራሶውን በጥጥና በአልኮል ጥረግ፤ በቤንዚን አይደለም፣ በአልኮል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መርፌ የሚመስል ቱቦ ልኬያለሁ፤ ውስጡ ያለው ትክክለኛው ቅባት ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሃሉ ላይ ጠብ አድርግና ብረቱን መልሰህ ጫነው። አትቀባው፣ ዳቦ አይደለም። ፍጥነቱን እንደማትመልስልኝ ስለማውቅ ቢያንስ በትንሽ በትንሹ ጨምር፤ ባሳደግክ ቁጥር አንድ ቀን ሙሉ አሠራው። ቮልቴጅ የሚለውን መስመር ግን በእጅህም በሞባይል ጠጋኙም እጅ አትንካ።

እና አሁንም አልመለስክልኝም። ለምን አንተ አታነብላትም?

ስለ ፈቃድ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ሥራ በዝቷል።

ልጅህ


ኅዳር 14

ለሚጡ፣

ቅባቱ ገባ። አመስጋኝ ነኝ። የምስር ፍሬ ያልሽው ትንሽ ስለመሰለኝ የአተር ፍሬ አደረግኩት፤ ከዚህ በቀር ያልሽውን ሁሉ ፈጽሜያለሁ።

አሁን ሰውዬውን ብታዪው አታውቂውም። በትንሽ በትንሹ፣ እንደ ማርሽ፣ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ አንገራገረ። አራተኛው ላይ እምቢ ብሎ ጠፋ። ዳገት ላይ ነዳጅ ያጠረው መኪና ጠባዩ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ያንን መስመር ትንሽ ብቻ፣ በጣም ትንሽ፣ ነካሁት። ተነሳ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ! ድሮ ገጹን አስገብቼ ጫማዬን ጠርጌ፣ በር ላይ ቆሜ መንገደኛ አይቼ ስመለስ ነበር ማንበብ የሚጀምረው። አሁን ገና ሳልቀመጥ ይጀምራል።

ሙቀቱን ፈርቼ ትልቁን የሳሎን ማራገቢያ አምጥቼ ክፍት ጎኑ ላይ አቁሜበታለሁ። ጫጫታው ትንሽ አስቸግሯል፤ ስለዚህ የሰውዬውን ድምፅ ከፍ አድርጌያለሁ። አሁን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ግድግዳውን ትደበድባለች። «መርፌው ጣቴን ወጋኝ፣ እሱ ሰውዬ ቀስ ብሎ ያንብብ» ትላለች። እናትሽ ማራገቢያውን ስትጠላ እንዴት መሰለሽ! «ይሄን የአውሮፕላን ጣቢያ ዝጋው በይው» ብላ ትነግራታለች፣ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ለእኔ ትነግረኛለች።

ይህን መስመር እርሺው። እስክሪብቶ ነውና አልጠፋ አለኝ።

የባቡር ጣቢያውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ጀምራ እየሰማችው ነው። አዎ፣ ያንኑን። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የሰው ፍላጎት ነው።

ፈቃድሽን «ሌላ ጊዜ» ብለሽ አለፍሽው። ሌላ ጊዜው አልደረሰም?

አባትሽ


ኅዳር 27

አባዬ፣

የእማዬ ደብዳቤ ደረሰኝ። በልብስ ሰፊዋ እጅ የተጻፈ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር እንደ ስፌት ቀጥ ያለ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይህን ሳልቀድ ልጨርስ።

ለእኔ «እናትሽ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትተኛለች» እያልክ ስትጽፍ ከአንተ ጋር አትነጋገርም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ እየተደበደበ፣ ጎረቤት አስተርጓሚ ሆና! እኔ ደግሞ እዚህ ስለ ቅባት አስተምርሃለሁ።

እንደተጻፈው ልንገርህ። ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን ተውሳ አነበበች። ስትመልሰው ዓይኗ አብጦ ነበር። እማዬ «ምን ያስለቅስሻል፣ የጣቢያ ጠባቂው ልጅ በመጨረሻ መጣች አይደል እንዴ?» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ «የት መጣች?» አለች። እማዬ ከዚያ በኋላ ያለውን ለማጻፍ የፈለገች አይመስለኝም፤ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። «ዓይኔን ነው ያመመኝ፣ አባትሽ ግን ልቤንም ያመመኝ መስሎት እንደ ሕፃን አስተኛኝ» ይላል። ሌሎቹን መጻሕፍትም ከአሁን በኋላ አታምናቸውም። የትኛው ሰው እንደሞተ፣ የትኛው እንዳልሞተ አታውቅም። አባዬ፣ ስንት ሰው ነው ያዳንከው?

ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው። ታሞ የተኛው ጣቢያ ጠባቂ ገጹ ሳያልቅ ብድግ ብሎ ፋኖስ ሲያበራ ሰማች። መሃሉ የለም። ልብስ ሰፊዋ ከመጽሐፉ ጋር አስተያየችው፤ መስመሮች ጠፍተዋል፣ አንዳንዱም ቃል ሌላ ሆኗል። እማዬ ምን አለች መሰለህ? «ሰውዬውንም አስለመደው»።

ይህን እንኳ አንተ አላደረግከውም፤ ለእሷም እንዲሁ ብዬ ጽፌላታለሁ። ግን ያደረግከው ነገር ነው ያመጣው። ፕሮሰሰር ከአቅሙ በላይ ሲሮጥ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይወድቅም። መውደቁ ደግ ነው፣ ይታያል። አንዳንዴ ሳይወድቅ ይሳሳታል፤ ደህና መስሎ እየሄደ የሆነ ነገር ይጥላል። ያኔ ነው የሚያስፈራው። አትንካ ያልኩህን ቮልቴጅ ነክተህ እንዳይወድቅ ደግፈህ ያቆምከው ለዚህ ነው! ለእማዬ እውነቱን ሊነግራት የሚችል አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር፣ እሱንም አበላሸህባት።

ሰማያዊውን ገጽ ክፈት። «ወደ ፋብሪካው ልክ መልስ» የሚል አለ፤ እሱን ተጫን። ማራገቢያውን ወደ ሳሎን መልስ። ሰውዬውን አታስቸኩለው፤ ዝግ ይበል፣ ግን ያየውን ያንብብ።

በጣም ተናድጃለሁ። እወድሃለሁ፣ ግን በጣም ተናድጃለሁ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 9

ለሚጡ፣

ቁጣሽን አነበብኩት። ተቀበልኩት አላልኩም፣ አነበብኩት ነው ያልኩት።

እስቲ አንቺ ፍረጂ። መጽሐፉ ውስጥ የጣቢያ ጠባቂው ልጅ ሥራ ፍለጋ ርቃ ትሄዳለች። እናቷ ባቡር በመጣ ቁጥር እየወጣች አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እናትሽ ይህን ስትሰማ ቤቱ ውስጥ ዝንብ እንኳ አትበርም ነበር። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ እኔ ሰጥታ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ልጅቷ የለችም። ባቡሩ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፤ እናትየዋም መውጣት ትታለች። በቃ፣ ያልቃል! ይህን ነው አንብብላት የምትይኝ? አንቺ እዚያ አቧራ ውስጥ ሆነሽ፣ እሷ መንገድ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ጆሮዋን እያቀናች? ቃሉ ፊቴ ላይ ነበር፣ አፌ ግን እምቢ አለኝ። ልጅቷን ከመጨረሻው ፉርጎ አወረድኳት። ብትቆጪኝም አሁንም አወርዳታለሁ።

ደግሞስ መጽሐፉን የላክሽው አንቺ አይደለሽም? ሰው ዓይኗ ለደከመ እናቱ ልብ ወለድ ሲልክ መጨረሻውን አያይም? ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀሽም፤ እኔ ጠየቅኩሽ።

ሌሎቹ መጻሕፍት ላይ ያዳንኩት አንድ ፈረስ ብቻ ነው።

ያልሽውን ፈጽሜያለሁ። ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩት፣ ማራገቢያውም ሳሎን ገብቷል። ሰውዬው ወደ ድሮው ዝግታው ተመለሰ። ገጹን ያስገባሉ፣ ዝም። ይጠብቃሉ፣ ዝም። እኔ ወንበሬ ላይ፣ እሷ ወንበሯ ላይ። ፍጥነቱን የፈለግኩት ለዚህ ነበር ልጄ፤ ያችን ዝምታ መሸከም አቅቶኝ ነው። በጫጫታ ስሸፍናት ኖርኩ፣ አሁን ማራገቢያ እንኳ የለም።

የመጀመሪያው ቀን እንዲያው ተቀመጥን። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ገጹ ሲቆይባት ለግድግዳው ይሁን ለእኔ እንጃ፣ «ቆየሳ» አለች።

«እያሰበ ነው» አልኩ።

«ምን የሚያሳስብ ነገር አለው? ተጽፎለታል።»

«አርጅቷል፣ ምን ያድርግ።»

«እሱ ቢያረጅም ያየውን ነው የሚያነበው» አለች።

ገብቶኛል። ግን ልብስ ሰፊዋ አልነበረችም፣ በቀጥታ ለእኔ ነው ያለችው። ስድብም ቢሆን በቀጥታ የተሰደበ ሰው ደስ ይለዋል። አሁን በየገጹ መሃል ትንሽ ትንሽ ትናገረኛለች። አንዳንዴም ገጹ ቶሎ ሲደርስ እኔ ነኝ የምናደደው።

መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ቀርቷል። እኔ ፈርቻለሁ፣ እሷ አልፈራችም።

አሁን እንደ እናትሽ በቀጥታ ልጠይቅሽ። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? «ሥራ በዝቷል» አትበይኝ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 23

አባዬ፣

ይህን የጻፍኩት በእጄ ነው። እዚህ ማተሚያ አለ፤ ሆን ብዬ ተውኩት። ሰውዬው የታተመ ፊደል እንጂ የእጅ ጽሑፍ አይለቅምም፣ በተለይ የእኔን። ልብስ ሰፊዋንም አታስቸግር። ይህን ለእማዬ የምታነብላት አንተ ነህ፣ ከዚህች መስመር ጀምሮ፣ ጮክ ብለህ። ሳትዘል።

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? አባዬን መናደድሽ ትክክል ነው። እኔም ተናድጄበት ነበር፣ ከሁሉ በላይ ግን ያናደደኝ እሱን ስገሥጽ እኔም ያንኑ እያደረግኩ መሆኔ ነው። ፈቃድሽ መቼ ነው ብሎ ስንት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ስንት ጊዜ ዘለልኩት።

አልመጣም። በዚህ ዓመት አልመጣም። የውሃ ጣቢያው ኃላፊ አድርገውኛል፣ ለሌላ አንድ ዓመት ፈርሜያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ስፈርም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እናንተን ማሰቡ እጄን ከወረቀቱ ካነሳሁ በኋላ ነው የመጣው፣ ያሳፈረኝም ይኸው ነው። እነዚህ ፓምፖች ሲቆሙ ሰው ውሃ አያገኝም፣ እኔ ደግሞ ሲቆሙ ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። አንቺንም እወድሻለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የማደርግበትን መንገድ ገና አላገኘሁትም።

መጽሐፉን ስልክልሽ መጨረሻውን አላየሁትም ነበር። ለአባዬ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። አሁን ከአንዱ ሠራተኛ ተውሼ አነበብኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ አባዬን ተናድጄ የጻፍኩትን ሁሉ ልመልሰው ፈለግኩ፤ ከዚያ ደግሞ አልመልሰውም አልኩ። አንቺ እውነቱን መስማት ትችያለሽ። እሱ ደግሞ ማንበብ ይችላል፣ አልችልም ማለቱን ልማድ አደረገው እንጂ።

አባዬ፣ እዚህ ድረስ ካነበብክ አመሰግናለሁ። ካላነበብክ ማንም አያውቅብህም፤ አንተ ግን ታውቃለህ።

ልጃችሁ


ጥር 7

ለሚጡ፣

እግዜር ይይልሽ። ከሰላምታ በፊት ይህን ማለት ነበረብኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰው ሰውዬው የመጨረሻውን ገጽ ባነበበ ማግስት ነው። ያንን ቀን አልጽፍልሽም። በዝግታው፣ በዚያ ደረቅ ድምፁ፣ ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ ጨረሰ። አንድ ቃል አልጣለም። እናትሽ አላለቀሰችም፤ «አመሰግናለሁ» አለችው፣ ለሰውዬው። ከዚያ ተነስታ ልብስ ስታጣጥፍ ዋለች፤ ያጣጠፈችውን እየፈታች እንደገና ታጣጥፍ ነበር። እኔም ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አልረባሁም።

በማግስቱ ሹፌሩ ደብዳቤሽን ሰጠኝ። «ከልጃችን ነው» አልኳት። «ለሰውዬው ስጠው» አለችኝ። የእጅ ጽሑፍ እንደማይችል ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ስንት ጊዜዬ ነው ያቺ ወንበር ወደ እኔ ስትዞር ካየሁ።

ጀመርኩ። «አልመጣም» የምትለዋ ላይ ስደርስ ቀደም ብዬ አየኋት። ልጄ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው የጻፍሽብኝ! ዓይኔ ካለበት መስመር በታች ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየው። «ትንሽ ትዘገያለች» ልበል፣ «ለበዓል ትደርሳለች» ልበል፣ ምላሴ ላይ ሁሉም ተሰልፏል።

«ቆምክ» አለችኝ።

«እያሰብኩ ነው» አልኳት።

«አታስብ፣ ተጽፎልሃል። አንብብ።»

አነበብኩት። ሁሉንም። ደስ ብሎሽ እንደፈረምሽ፣ እንዳፈርሽ፣ «ካላነበብክ ማንም አያውቅብህም» እስከሚለው ድረስ። እሱን እንኳ አልዘለልኩም፣ ልዘለው ግን በጣም ፈልጌ ነበር። ስጨርስ እሷ እንዳታየኝ ፊቴን በወረቀቱ ሸፈንኩት፣ እንደማታይ ረስቼ።

 እናትሽ «እውነት ነው ያነበብከው» አለች። «ከራስህ ብታወጣው ኖሮ ይህን አታወጣም ነበር።» አለቀሰች። እኔም ላይ ተቆጣች፣ አንቺም ላይ ተቆጣች፣ ፓምፖቹንም አልማረቻቸውም። ያለችውን ሁሉ አልጽፈውም ልል ነበር፤ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ «ጻፈው» ትላለች። ስለዚህ፦ እናትሽ ልብሽ ድንጋይ ነው ትላለች። ደግሞ ኃላፊ መሆንሽን ለልብስ ሰፊዋ በግድግዳው ነግራታለች፣ ሁለት ጊዜ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው ክፍት ነበር፣ ፋኑ ይዞራል። «አሁን አጥፋው» አለችኝ። አጠፋሁት። «ያንተን መጨረሻ ንገረኝ» አለች።

«የቱን የኔ?»

«ከራስህ ያወጣኸውን። ውሸት መሆኑን አሁን አውቄዋለሁ፣ ግድ የለም።»

ሚጡ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ያወጣሁት ተቀምጬ አይደለም። መስመሩ እያለቀብኝ ስሸሽ የመጣልኝን ነው ያልኩት፤ የት አስታውሰዋለሁ? ቢሆንም ሞከርኩ። ባቡሩ ቆመ አልኩ። ሰዉ ወረደ። ሁሉም ሄዶ ካለቀ በኋላ ከመጨረሻው ፉርጎ ልጅቷ ወረደች፣ እናቷም ከወንበሩ ተነስታ…

«ዘለልክ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጃንጥላውን። አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛ ነበር፣ ሳይዘንብ ዘርግታው። እናቷ ከሩቅ ያወቀቻት በእሱ ነው። ከመጀመሪያው ጀምር።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።

አባትሽ